«ብላ» ሲሉን፦ በቼዝ ጋምቢትን ስለ መከላከል

ይህን ጽሑፍ በከፊል እንደ ንስሐ ቁጠሩልኝ። ባለፈው ሴሚስተር በዲፓርትመንቶች መካከል በተደረገው የቼዝ ውድድር እኛ አምስት ተጫዋቾች አሰልፈን ነበር። ሰዓት ያለው ሰሌዳ አንድ ብቻ ስለነበረ ጨዋታው በተራ ነው የተካሄደው። አራቱ ጓደኞቼ ተጫውተው ሲጨርሱ ውጤቱ ሁለት ለሁለት ሆነ። የቀረሁት እኔ ነኝ። ላውንጁ ሞልቷል፤ ከፊሉ ሻይ ይዞ፣ ከፊሉ ወንበር ላይ ቆሞ ያያል። ተጋጣሚዬ የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበር። ገና በመጀመሪያው እርምጃው አንድ ወታደር በነጻ ሰጠኝ። እኔም ደስ ብሎኝ በላሁ። በስምንተኛው እርምጃ ማት ሆንኩ።

ስምንት እርምጃ! ያዘዝኩት ሻይ እንኳ ገና አልቀዘቀዘም። ያን ቀን ማታ ዶርም ውስጥ ስለ ጨዋታው አንድም ሰው አላነሳብኝም፤ ይሄ ደግሞ ከስድብ ይብሳል። በማግስቱ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የላውንጁ ሒሳብ ተቀባይ መልስ ሲሰጡኝ ቀስ ብለው «ልጄ፣ የበላሽውን ቆጠርሽ እንጂ የከፈልሽውን አልቆጠርሽም» አሉኝ። መጀመሪያ ስለ ሻዩ ሒሳብ የሚያወሩ ነበር የመሰለኝ። ለካ ስለ ጨዋታው ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ የተሸነፍኩበትን ነገር ስሙንም ምክንያቱንም ፈልጌ አገኘሁ። ስሙ ጋምቢት ነው። ምክንያቱ ደግሞ ከቼዝ እውቀት ማነስ ይልቅ ስስት ሆኖ ተገኘ። በዲፓርትመንታችን ቼዝ የሚጫወተው ብዙ ስለሆነ፣ እኔ የከፈልኩትን ሌላው እንዳይከፍል የተማርኩትን እነሆ።

ስለ አጻጻፉ

ሰሌዳው ላይ ያሉትን ስምንት ዓምዶች ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች ብዬ እጠራቸዋለሁ። ረድፎቹ ከነጭ በኩል ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። ስለዚህ ኢ4 ማለት በኢ ዓምድ አራተኛው ቤት ነው። «×» ሲሆን በላ፣ «+» ሲሆን ቼክ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ካስል የምንለውን ሩክ ብዬዋለሁ። ያለ ሰሌዳ ማንበብ ይከብዳልና ሰሌዳ ወይም ስልክ አጠገባችሁ አድርጉ።

ጋምቢት ምንድን ነው?

ጋምቢት በጨዋታው መክፈቻ ላይ ሆን ብሎ አንድ ነገር፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ወታደር፣ አሳልፎ መስጠት ነው። ቃሉ የመጣው እግር አስገብቶ ሰውን መጣል የሚል ትርጉም ካለው የጣሊያንኛ አነጋገር ነው። ቃሉን ለቼዝ የተጠቀመበት ስፔናዊው ቄስ ሩይ ሎፔዝ ሲሆን፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ1561 ባሳተመው መጽሐፉ ነው። ስሙ ራሱ እኮ ማስጠንቀቂያ ነው! ሰውየው ወታደር የሚሰጠን እግሩን ሊያስገባ ነው።

ሰጪው በምትኩ የሚፈልገው ምንድን ነው? በዋናነት ጊዜ ነው። እኔ ወታደር ለመብላት አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ሳጠፋ እሱ ፈረሱንና ቢሾፑን ያወጣል። መስመር ይከፈትለታል፤ መሃሉን ይይዛል። ሌላው የሚፈልገው ነገር ደግሞ የንጉሣችን ደካማ ቦታ ነው። ጨዋታ ሲጀመር ኤፍ7ን (ለነጭ ደግሞ ኤፍ2ን) ከንጉሡ በቀር የሚጠብቀው የለም። አብዛኛው የጋምቢት ጥቃት ወደዚያች ቤት ነው የሚሮጠው።

የአገራችንን ሰንጠረዥ ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚባል ክፍል አለ። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን እንደፈለጉ ያሰልፋሉ፤ ወረራው የሚቆመው አንዱ የሌላውን ሲበላ ነው። በቼዝ ተራ ይጠበቃል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ጋምቢት የሚጫወተው ሰው እኔ እየበላሁ እሱ ማሰለፉን እንዲቀጥል ነው የሚፈልገው።

አንድ ወታደር ስንት እርምጃ ያወጣል?

ወታደርን አንድ ነጥብ ብለን፣ ፈረስና ቢሾፕን በግምት ሦስት፣ ሩክን አምስት፣ ንግሥትን ዘጠኝ ብለን እንደምንቆጥር ሁሉ፣ ለጊዜም የቆየ መለኪያ አለ፤ ሦስት እርምጃ ያህል ከአንድ ወታደር ጋር ይመዛዘናል ይባላል። ይህ ሕግ ሳይሆን ግምት ነው። ቢሆንም ጋሼ ያሉኝን ነገር በቁጥር ያስቀምጠዋል። አንድ ወታደር በልቼ አራት እርምጃ ወደኋላ ከቀረሁ የከሰርኩት እኔ ነኝ።

ልዩነቱ ግን ወታደሩ አይጠፋም፤ ጊዜው ግን ያልፋል። ሰጪው በጥቂት እርምጃ ውስጥ ጥቃቱን ወደ ሌላ ጥቅም ካልቀየረው እኔም ፈረሶቼን አውጥቼ፣ ካስሊንግ አድርጌ እደርስበታለሁ፤ ያኔ አንድ ወታደር በትርፍ ይዣለሁ ማለት ነው። እንግዲህ የተከላካዩ ሥራ አንድ ነው፤ ያንን አደገኛ ጊዜ በሰላም ማለፍ። ለዚህ ደግሞ የበላነውን ወታደር በትክክለኛው ሰዓት መልሶ መስጠት ካስፈለገ ሳይቆጨን መስጠት ነው። በዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን ያዙልኝ።

እኔ የወደቅኩበት ጨዋታ

ተጋጣሚዬ የተጫወተው ኢንግለንድ ጋምቢት የሚባለውን ነው። ነጭ እኔ ነበርኩ።

1. ዲ4 ኢ5
2. ዲ×ኢ5 ፈረስ ሲ6
3. ፈረስ ኤፍ3 ንግሥት ኢ7
4. ቢሾፕ ኤፍ4 ንግሥት ቢ4+

እስኪ እዚህ ላይ ቁሙ። ሦስተኛውም አራተኛውም እርምጃዬ የበላሁትን ወታደር ለመጠበቅ ነው። በተለይ ቢሾፑን ያወጣሁት ኢ5 ላይ ያለው ወታደሬ እንዳይበላብኝ ብዬ እንጂ ቦታው ስለሚስማማው አልነበረም። የእሱ ንግሥት በአንድ እርምጃ ንጉሤን ቼክ አለች፣ ቢሾፔን አጠቃች፣ ቢ2 ላይ ያለውን ወታደሬንም አየች።

5. ቢሾፕ ዲ2 ንግሥት×ቢ2
6. ቢሾፕ ሲ3 ቢሾፕ ቢ4

ስድስተኛው እርምጃዬ ሲታይ ግሩም ነው። ቢሾፔ የእሱን ንግሥት ያጠቃል፤ ኤ1 ላይ ያለውን ሩኬንም ይከልላል። እንዲያውም «ንግሥቱን ያዝኳት!» ብዬ ወደ ጓደኞቼ ዞሬ ነበር። የእሱ ቢሾፕ ቢ4 ላይ ሲያርፍ ግን ሲ3 ላይ ያለው ቢሾፔ ከንጉሤ ጋር ተቸነከረ፤ ንግሥቷን መብላት አልችልም።

7. ንግሥት ዲ2 ቢሾፕ×ሲ3
8. ንግሥት×ሲ3 ንግሥት ሲ1 ማት

አለቀ። በስምንተኛው ላይ በንግሥት ፈንታ በፈረስ ብበላ ደግሞ ሩኬ በቼክ ይበላ ነበር።

የሚያናድደው ነገር ይህ ጋምቢት በኮምፒውተር ሲመዘን ደካማ መሆኑ ነው። ትክክለኛውን መልስ ለሚያውቅ ሰው ነጭ በግልጽ ይሻላል። መልሱም ከባድ አይደለም። ስድስተኛው ላይ በቢሾፑ ፈንታ ፈረስ ሲ3 ብል ኖሮ ሩኬን ከኋላ ንግሥቴ ትጠብቀው ነበር። የእሱ ንግሥት ደግሞ በጠላት ሰፈር ብቻዋን ትቀራለች። ቢሾፕ ቢ4 ቢል ሩክ ቢ1፣ ንግሥቷ ኤ3 ብትሸሽ ሩክ ቢ3 እያልኩ ማባረር ነው፤ ባባረርኩ ቁጥር እርምጃ አተርፋለሁ።

ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ። አራተኛው ላይ ወታደሩን ከመጠበቅ ይልቅ ፈረስ ሲ3 ብሎ መተው ነው። እሱ ፈረስ×ኢ5 ብሎ ወታደሩን ያስመልሳል፤ እኔ ኢ4 ብዬ መሃሉን እይዛለሁ። ነጥባችን እኩል ነው። ግን የእሱ ንግሥት ኢ7 ላይ ቆማ የራሷን ቢሾፕ መውጫ ዘግታለች፤ የእኔ ጦር ደግሞ ክፍት ነው። አንድ ወታደር መልሼ ሰላምና ቅድሚያ ገዛሁ ማለት ነው። ይህን ሳውቅ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለሁለት ቀን ሰሌዳ ማየት አስጠልቶኝ ነበር።

ሙጭጭ ማለት የሚያመጣው ጣጣ

እ.ኤ.አ. በ2020 «ዘ ኩዊንስ ጋምቢት» የተባለው ተከታታይ ፊልም ከወጣ በኋላ ቼዝ የማይጫወት ሰው እንኳ የንግሥት ጋምቢትን ስም ሰምቷል። አጀማመሩ 1. ዲ4 ዲ5 2. ሲ4 ነው። ጥቁር 2... ዲ×ሲ4 ብሎ መብላት ይችላል፤ ምንም ነውር የለውም፤ የዓለም ሻምፒዮኖችም ተጫውተውታል። እንዲያውም ነጭ ወታደሩን በቀላሉ ስለሚያስመልስ በትክክል ጋምቢት አይደለም የሚሉ አሉ። አደጋው የሚመጣው ጥቁር «የበላሁትን አልለቅም» ሲል ነው።

3. ኢ3 ቢ5
4. ኤ4 ሲ6
5. ኤ×ቢ5 ሲ×ቢ5
6. ንግሥት ኤፍ3

አሁን ሰሌዳውን እዩት። ጥቁር ሲ4 ላይ ያለውን ወታደር ለማቆየት የቢ ወታደሩን ገፋ፤ እሱን ለመጠበቅ የሲ ወታደሩን ጨመረ። ሁለቱም ሲወጡ ከኤፍ3 እስከ ኤ8 ያለው ሰያፍ መንገድ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ጥግ ላይ ያለው ሩክ ተጋለጠ። ሩኩን ለማዳን ቢያንስ አንድ ፈረስ ወይም ቢሾፕ መክፈል ግድ ነው። አንድ ነጥብ ለማዳን ሦስት ነጥብ!

«የነብር ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» ይላሉ አበው። ጋምቢት ላይ ተረቱ ግማሹ ብቻ ነው የሚሠራው። መያዝስ ይቻላል፤ መልቀቂያውን ማወቅ ነው ዋናው።

መልሶ የመስጠት ጥበብ

አሁን ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ወደሚያስደስተኝ ምሳሌ ልምጣ። ዴኒሽ ጋምቢት ይባላል። እዚህ ነጭ የሚሰጠው ሁለት ወታደር ነው።

1. ኢ4 ኢ5
2. ዲ4 ኢ×ዲ4
3. ሲ3 ዲ×ሲ3
4. ቢሾፕ ሲ4 ሲ×ቢ2
5. ቢሾፕ×ቢ2

ጥቁር ሁለት ወታደር በትርፍ ይዟል፤ ግን አንድም ፈረስ፣ አንድም ቢሾፕ አላወጣም። የነጭ ሁለት ቢሾፖች ጎን ለጎን ሆነው አንዱ ወደ ኤፍ7፣ ሌላው ወደ ጂ7 አነጣጥሯል። ስስታም ሰው እዚህ ላይ ሁለቱን ወታደሮች አቅፎ ሲቀመጥ ነው የሚሞተው። ካርል ሽሌክተር የተባለው ኦስትሪያዊ ጌታ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ከዓለም ሻምፒዮኑ ከኢማኑኤል ላስከር ጋር ለዋንጫው ተጋጥሞ አምስት ለአምስት የወጣው ሰው፣ በስሙ የሚጠራ መልስ አለው።

5... ዲ5
6. ቢሾፕ×ዲ5 ፈረስ ኤፍ6
7. ቢሾፕ×ኤፍ7+ ንጉሥ×ኤፍ7
8. ንግሥት×ዲ8 ቢሾፕ ቢ4+

ስምንተኛው ላይ ነጭ ንግሥት ሲበላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ይደነግጣል፤ እኔም ደንግጫለሁ። ግን የጥቁር ቢሾፕ ከኤፍ8 ሲነሳ ከኋላው ያለው ሩክ መንገዱ ተከፍቶለት የነጭን ንግሥት ዲ8 ላይ ያገኛታል። ነጭ ደግሞ ቼክ ስለተባለ ንግሥቱን ዝም ብሎ ማሸሽ አይችልም።

9. ንግሥት ዲ2 ቢሾፕ×ዲ2+
10. ፈረስ×ዲ2

ብትቆጥሩት ወታደሩ አምስት ለአምስት፣ ሌላውም ጦር እኩል ነው። ሁለቱ አስፈሪ ቢሾፖች አንዱ የለም፤ ንግሥቶችም የሉም፤ ጥቃት የሚባል ነገር ተኗል። ነጭ ቢሾፕ×ዲ5 በማለት ፈንታ ኢ×ዲ5 ቢልም ጥቁር ፈረሱን ኤፍ6 ያወጣል፤ የራሱ ወታደር የሲ4ን ቢሾፕ ስለዘጋበት የነጭ ጥቃት ይደበዝዛል።

ላስከርም ራሱ በዚሁ መንገድ የተጓዘ ሰው ነው። ዌልሳዊው የመርከብ ካፒቴን ዊሊያም ዴቪስ ኢቫንስ የፈለሰፈው ኢቫንስ ጋምቢት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአጥቂዎች ሁሉ ወዳጅ ነበር። 1. ኢ4 ኢ5 2. ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ሲ6 3. ቢሾፕ ሲ4 ቢሾፕ ሲ5 4. ቢ4 ብሎ ነጭ ወታደር ይሰጣል። ጥቁር 4... ቢሾፕ×ቢ4 ይላል፤ ከዚያ 5. ሲ3 ቢሾፕ ኤ5 6. ካስሊንግ ዲ6 7. ዲ4 ቢሾፕ ቢ6። ይህ ነው የላስከር መከላከያ የሚባለው። ለነጭ የሚለው «ወታደርህን ከፈለግህ ውሰዳት» ነው። ነጭ ከወሰደ 8. ዲ×ኢ5 ዲ×ኢ5 9. ንግሥት×ዲ8+ ፈረስ×ዲ8 10. ፈረስ×ኢ5 ይሆናል፤ ነጥቡ እኩል፣ ንግሥት የለም፣ የነጭ የኤና የሲ ወታደሮች ደግሞ ጎረቤት አጥተው ብቻቸውን ቀርተዋል። ለማጥቃት የመጣው ሰው ረጅምና አሰልቺ ፍጻሜ ይጫወታል። ለአጥቂ ከዚህ የባሰ ቅጣት ምን አለ?

ይህ ማለት ግን ኢቫንስ ጋምቢት ሞቷል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ሪጋ ላይ ጋሪ ካስፓሮቭ ይህንኑ ጋምቢት አውጥቶ ቪስዋናታን አናንድን በ25 እርምጃ ረቶታል። አናንድን የሚያህል ሰው ከተቸገረ እኛ በላውንጅ ወንበር ላይ ብንቸገር አይገርምም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው ተረት ለመክፈቻ ዝግጅት የተተረተ ነው የሚመስለኝ።

አለመብላትም መልስ ነው

እስካሁን የበላ ሰው ምን ያድርግ ነበር ያልኩት። ግን የቀረበልንን ሁሉ የመብላት ግዴታ የለብንም። ለዚህ የሚመቸው ምሳሌ የንጉሥ ጋምቢት ነው፤ 1. ኢ4 ኢ5 2. ኤፍ4።

ከመብላት በፊት እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ላይ አዶልፍ አንደርሰንና ሊዮኔል ኪዘሪትስኪ ያደረጉትን ጨዋታ ተመልከቱ። «ዘላለማዊው ጨዋታ» ይሉታል። ኪዘሪትስኪ የንጉሥ ጋምቢቱን ተቀበለ፤ ከዚያም የቀረበለትን ሁሉ በላ። አንደርሰን አንድ ቢሾፕ፣ ሁለት ሩክና ንግሥት ሰጥቶ በቀሩት ሁለት ፈረሶችና አንድ ቢሾፕ ማት አደረገው። ጨዋታው ሲያልቅ የጥቁር ሁለት ሩኮችና አንዱ ቢሾፕ ከተነሡበት ቤት አልተንቀሳቀሱም ነበር። ሆዱ ሞልቶ ጦሩ ቤት የቀረ ንጉሥ ማለት ይሄ ነው።

የማይበላ ሰው ሁለት ጥሩ አማራጭ አለው። አንደኛው 2... ቢሾፕ ሲ5 ነው። ይህ ቢሾፕ ጂ1ን ስለሚቆጣጠር ነጭ በንጉሥ በኩል ካስሊንግ ማድረግ ይቸግረዋል። ወጥመድም አለው፤ ነጭ 3. ኤፍ×ኢ5 ብሎ ወታደር በላሁ ሲል 3... ንግሥት ኤች4+ ይመጣል። 4. ንጉሥ ኢ2 ካለ ንግሥት×ኢ4 ማት ነው፤ 4. ጂ3 ካለ ንግሥት×ኢ4+ ብሎ ጥግ ያለውን ሩክ መብላት ነው። ሁለተኛው አማራጭ 2... ዲ5 ሲሆን፣ በኦስትሪያዊው ፋልክቤር ስም ይጠራል። 3. ኢ×ዲ5 ኢ4 ሲሆን ወታደር የሰጠው ጥቁር ነው፤ ጥቃት አስቦ የመጣው ሰው በድንገት ተከላካይ ይሆናል። ለጋምቢት በጋምቢት!

መብላት የመረጠ ሰው ደግሞ ቦቢ ፊሸርን ይጠይቅ። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1960 ማር ዴል ፕላታ ላይ በንጉሥ ጋምቢት በቦሪስ ስፓስኪ ተሸነፈ። ተናደደ፤ ቁጭ ብሎ አጠና፤ በ1961 የንጉሥ ጋምቢትን የሚያፈርስ መልስ አገኘሁ ብሎ በአንድ የቼዝ መጽሔት ጻፈ። መልሱም 2... ኤፍ×ኢ4 ሳይሆን፣ ይቅርታ፣ እኔም ስጽፍ እየተሳሳትኩ ነው፣ 2... ኢ×ኤፍ4 3. ፈረስ ኤፍ3 ዲ6 የሚል ነው። ትንሽ የምትመስል እርምጃ ናት፤ የነጭ ፈረስ ኢ5 ላይ እንዳይገባ ትከለክላለች። የሚያስቀው ነገር ፊሸር ራሱ ከዚያ በኋላ በነጭ በኩል የንጉሥ ጋምቢት ተጫውቶ አሸንፏል፤ ለምሳሌ በ1963/64 የአሜሪካ ሻምፒዮና ላሪ ኢቫንስን። እኔ ከፊሸር የወሰድኩት ግን ሌላ ነገር ነው። ሽንፈቱን ወደ ጽሑፍ ቀየረው። የእኔም ይህ ጽሑፍ ከዚያ የመጣ ነው፤ መጠኑ ይለያይ እንጂ።

ከመብላታችን በፊት

ሁሉንም ጋምቢት በቃል መያዝ አይቻልም፤ ፋይናል ፈተና አለብን። ስለዚህ ለራሴ አራት ጥያቄ በደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፌአለሁ።

አንደኛ፣ ይሄ ለምን ተሰጠኝ? መልሱ «ተሳስቶ ነው» የሚል ከሆነ ድጋሚ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ከበላሁ በኋላ ኤፍ7ን (ነጭ ከሆንኩ ኤፍ2ን) ማን ይጠብቀዋል? ንጉሤስ በስንት እርምጃ ካስሊንግ ያደርጋል?

ሦስተኛ፣ አሁን የማደርገው እርምጃ ጦር የሚያወጣ ነው ወይስ የበላሁትን የሚጠብቅ ብቻ? ሁለት ጊዜ ተከታትዬ ለመጠበቅ ብቻ ከተንቀሳቀስኩ አደጋ ላይ ነኝ።

አራተኛ፣ የምመልሰው መቼ ነው? ከሁሉም የሚጠቅመው የምንመልስበትን ሰዓት ራሳችን ስንመርጥ ነው፤ ወታደሩን ስንመልስ ንግሥት የሚያለዋውጥ ወይም ጦር የሚያወጣ እርምጃ በምትኩ ብናገኝ። ተገደን የምንመልስ ከሆነ ግን ያለ ዋጋ ነው የምንመልሰው።

አራቱም መልስ ካገኙ ብሉ! ፈሪ መሆን አያስፈልግም። ብዙ ጋምቢት የሚፈርሰው በመብላት ነው፤ የሚፈርሰው ግን በልቶ በሚያስብ ሰው እጅ ነው።

በመጨረሻ

የመጀመሪያውን ጥያቄ ስጽፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር ክፍል ውስጥ አንድ ምንጭ ያልጠየቅነውን መረጃ በነጻ ሲያቀብለን፣ ወይም በአንድ ስብሰባ መጨረሻ ላይ ኤንቨሎፕ ሲዘረጋልን መጠየቅ ያለብን ይህንኑ አይደል? ለምን ለእኔ? ለምን አሁን? ትምህርቱን በፈተና ላይ በጥሩ ውጤት አልፌዋለሁ፤ ሰሌዳ ላይ ግን በአንድ ወታደር ወደቅኩ። ማወቅና በሰዓቱ ማስታወስ ለየቅል መሆናቸውን ያየሁት ያኔ ነው። መረጃው እውነት ከሆነ እንጠቀምበታለን፤ ዋጋው ምን እንደሆነ ግን ሳናጣራ አንበላም። ኤንቨሎፑ ሲሆን ደግሞ ዋጋው ይታወቃልና መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ ወዲያው መመለስ።

ከሲቪሉ ልጅ ጋር ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተጫውተናል። በመጀመሪያው ያንኑ ጋምቢት አወጣ፤ እኔም አራተኛው ላይ ፈረስ ሲ3 ብዬ ወታደሩን መለስኩለት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ለረጅም ጊዜ አሰበ፤ በመጨረሻ እኩል ወጣን። በሁለተኛው ጋምቢቱን ትቶ ሌላ ነገር ተጫወተና በ43ኛው እርምጃ አሸነፈኝ። ተሸነፍኩ፣ አልክድም። ግን ሻዬን ጠጥቼ ጨርሼ ነበር፤ ሁለተኛም አዝዤአለሁ። ሒሳብ ስከፍል ጋሼ መልሱን ቆጥረው ሰጡኝና «አሁን ሒሳብ ገብቶሻል» አሉኝ።

በሚቀጥለው ውድድር አምስተኛው ሰሌዳ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ገና አልተወሰነም። እኔ ስሜን አስመዝግቤአለሁ። ቸር እንሰንብት።